ባለ መስመሩ ግልገል

አያ ካሤ ጎረቤቴ ናቸው። በእሳቸው ቤትና በእኔ ቤት መካከል ያለው አንድ የእሾህ አጥር ነው፤ እሱንም ፍየሌ ከጣሰችው ቆየ። በእኛ ዝቋላ፣ በሰቆጣው በኩል ባለው፣ ሌላ ቅርብ ጎረቤት ለማግኘት አንድ ገደል መውረድ፣ አንድ ገደል መውጣት ነው። ስለዚህ ብንወድም ባንወድም እንተያያለን። ጧት ጧት እሳቸው ሲያስሉ እሰማለሁ፤ እኔ ፍየሌን ስረግም እሳቸው ይሰማሉ። የአንዳችን ድምፅ ከዘገየ ሌላችን ብቅ ብለን እናያለን።

ሚስታቸው ታይቱ ከሞቱ ሰባት ዓመት አለፋቸው። አንድ ልጃቸው ደረሰ ደግሞ በድርቁ ጊዜ በሰቆጣ አድርጎ ወደ መሐል አገር ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ብሎኬት ተሸከመ። ከዚያ ቢሾፍቱ አካባቢ የወር ሥራ አገኘ። “ላም ነው የሚያልበው፤ አንዲቷ ላም በቀን እንስራ ሙሉ ትሰጣለች” እያሉ አያ ካሤ ለሰንበቴው ሁሉ አወሩ። ሰንበቴው አመነ። እኔ ግን አላመንኩም፤ እውነቱ የተነገራቸው በእኔ ስልክ ነዋ!

ስልኩን የላከችልኝ ዓረብ አገር ያለችው ልጄ ሶስና ናት። ኔትወርክ የሚይዘው ደግሞ ከቤታችን በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። አያ ካሤ አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሁልጊዜ ድምፁን ለቅቄ ነው የማገናኛቸው። የዛሬ አራት ዓመት ደረሰ በዚያ ድንጋይ ላይ እንዲህ አላቸው፦

“አባዬ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። የምሠራው አሳማ እርባታ ነው።”

አያ ካሤ ሽታው በዚያ በኩል የሚመጣ ይመስል ስልኩን ከፊታቸው አራቁት። መልሰው አስጠጉትና፣ “አሳማ በነካ እጅህ መሶቤን እንዳትነካ። ደጄን እንዳትረግጥ። ከእነሱው ጋር ኑር” አሉ። ከዚያ ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጠው ወደ ቤታቸው ወረዱ። ልጁ ከዚያ ማዶ “እትዬ ውባንቺ? እትዬ?” ይላል። ዘጋሁት። ዛሬም ድረስ ያንን መዝጋቴን ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ በኋላ ደረሰ ለበዓል ለበዓል ለእኔ ይደውላል። “አባዬ ደህና ናቸው?” ይላል። “ደህና ናቸው” እለዋለሁ። “ጠየቁኝ?” ይላል። “ጠይቀውሃል” እለዋለሁ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ ይፈለጋል። አያ ካሤ ፍንጭት ነበሩ። በሁለቱ የፊት ጥርሶቻቸው መካከል ኑግ የምታሾልክ ክፍተት ነበረች፤ “ሰ” ባሉ ቁጥር ቀጭን ፉጨት ትወጣለች። ደረሰም ያችኑ ይዞ ተወለደ። አባትና ልጅ ተቀምጠው ሲያወሩ ወፍ የገባ ይመስል ነበር። ካቻምና አያ ካሤ ማሽላ ሲጠብቁ ከማማው ወደቁና ሁለቱም ጥርሶች ረገፉ። ፉጨቷም አብራ ሄደች። “አሁን ገና ሰው ሆኑ፤ እንደ ዋሽንት መናገር ቀረ” ብዬ ስቀልድባቸው አልሳቁልኝም።

እኛ አገር አሳማ ሲባል የዱሩ ነው። የቤቱን በወሬ ነው የምናውቀው። የዱሩ ከተከዜ ዳር ካለው ጥሻ ወጥቶ ማሽላችንን ያወድማል፤ እኛም ማማ ሠርተን በወንጭፍ እናባርራለን፣ ጉድጓድ ቆፍረን እናጠምዳለን። ከገደልነውም የሚነካው የለም፤ ለጅብ ይቀራል።

አምና መስከረም በጠባ በሳምንቱ አያ ካሤ አጥሬ ላይ መጥተው ቆሙ።

“ውባንቺ፣ ያ ስልክሽ ይሠራል?”

ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ስልኬ አንስተው አያውቁም። ደንግጬ፣ “ማን ሞተ?” አልኩ።

“ማንም አልሞተ። ነይማ፣ የማሳይሽ አለ።”

ጎተራቸው ጀርባ ወሰዱኝ። አሮጌ የንብ ቀፎ ተጋድሟል። አንዱን አፉን በድንጋይ ዘግተውታል። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው በእሬት ቅጠልና በገመድ ጠቅልለዋል፤ ቁስለኛ ነበር የሚመስሉት። ጎንበስ ብዬ በሌላው አፍ ባይ አንድ ትንሽ ኩምቢ መሰል አፍንጫ ወደ እኔ ተነፈሰ።

“በስመ አብ!” ብዬ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ዘለልኩ። “አያ ካሤ፣ አሳማ!”

“አትጩሂ። እናቲቱ ጉድጓዴ ውስጥ ገብታ ሞታለች። ይሄ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያታል። በዱላ ልለው ብዬ አንስቼ ነበር። ግን ጀርባውን እይ እስቲ፣ ጀርባውን።”

እያማተብኩ አየሁት። ከአንገቱ እስከ ጅራቱ፣ በጥቁር ቡናማው ጠጉር ላይ ቢጫ መስመሮች ወርደውበታል። ልክ ሸማኔ ቆጥሮ የጣለው ጥለት።

“ሃምሳ ዓመት አሳማ አባርሬያለሁ” አሉ አያ ካሤ። “ትልቁ አንድ ወጥ ነው፤ ወይ ቀላ ያለ ወይ ጥቁር። ይኸን ጥለት ማን አለበሰው? ከእናቱ ነው እንዳልል እናቱ የላትም።”

“እኔ ምን አውቃለሁ?”

“አንቺ ተምረሻል።”

“የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለ ዘር የሚያወራ ምዕራፍ ነበረ። እዚያ ሳንደርስ ተዳርኩ።”

ወደ ገደሉ አዩ፤ ወደ ሰማዩ አዩ፤ ወደ እኔ ግን አላዩም። “እንግዲያስ የሚያውቅ ሰው ይጠየቃላ” አሉ።

“የሚያውቅ ሰው ማለት... ያ ላም የሚያልበው?”

በኽምጣኛ ሰደቡኝ። ሲናደዱ ወደ እናታቸው ቋንቋ ነው የሚሄዱት። እኔም ስልኬን ላመጣ ሄድኩ።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ደወልኩ። ደረሰ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

“እትዬ! አባዬ ምን ሆኑ?”

“ምንም አልሆኑም። አጠገቤ ናቸው።”

አያ ካሤ እንደምን አለህ የለ፣ ሰላምታ የለ፣ በቀጥታ፦

“አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። የእናንተዎቹ ሲወለዱ ጀርባቸው ላይ መስመር አለ?”

ሥራ ላይ ነበር መሰለኝ፣ ከጀርባው ጩኸት ይሰማል። ጩኸቱን ጥሎ ራቅ ያለ ቦታ እስኪሄድ ድረስ ጠበቅን።

“የለም፣ አባዬ” አለ። “የኛዎቹ ከተወለዱ ጀምሮ አንድ ወጥ ናቸው። መስመር ያለው የዱሩ ግልገል ነው።”

“መስመር” ሲል ፉጨቷ በስልኩ ውስጥ መጣች። አያ ካሤ እጃቸውን አነሱና ባዶውን ድዳቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ማድረጋቸውን ያወቁትም አይመስለኝም።

“ለምን?” አሉ።

“ለመደበቂያ ነው ይላሉ። ጥሻ ውስጥ ሲተኛ ጥላና ፀሐይ ይመስላል። የቤቱ ከማን ይደበቃል? እየቆየ ከዘሩ ጠፋ።”

“እህ።”

“ምን ተገኘ፣ አባዬ?”

ነገሩት። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ቀፎው። ስለ እሬቱ ቅጠል ሲነግሩት ደረሰ ሳቀ። “እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲያው ነበርኩ፤ ፌስታል ነበር ያጠለቅሁት” አለ። አያ ካሤ አልሳቁም። ምን እንደሚበላ ጠየቁ። የፍየል ወተት፣ ለብ ያለ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ አላቸው። “እሺ። ለማወቅ ያህል ነው” ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

ወተቱ ከእኔው ክፉ ፍየል ነበር። “የሰጠሁዎት ቅል ወደ ቤቴ አይመለስም” አልኳቸው። ቅሉም አልተመለሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጄ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል። “ጆሮው ጫፍ ላይ ጭራ የሚመስል ጠጉር አለው፤ ደህና ነገር ነው ወይ ብዬ ልጠይቀው ነበር” አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

እንዲህ ሆኖ እሑድ እሑድ ድንጋዩ ላይ መውጣት ተጀመረ። አያ ካሤ ይጠይቃሉ፤ ደረሰ ይመልሳል። የዱሩ ጆሮ ሹልና ባለ ጠጉር ነው አለ፤ የእነሱዎቹ ግን ጆሯቸው ሰፍቶ ዓይናቸው ላይ ይወድቃል። የዱሩ ጅራት ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፤ የእነሱዎቹ እንደ ቀለበት ይጠቀለላል። ነጩን ከጥቁሩ ስናዳቅል ልጆቹ ነጭ ይሆናሉ አለ፤ ጥቁሩ ግን ጠፍቶ አይደለም፣ ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ከልጅ ልጅ ላይ አንድ ቀን ብቅ ይላል። ይህን ሁሉ በደብተር እንደሚጽፍ ነገራቸው፤ የትኛው ከየትኛው ተወለደ፣ ጆሮውን ከማን ወሰደ።

“የቤቱ አሳማ ጠፍቶ ጫካ ቢገባስ?” አሉ አንድ ቀን።

“ሐኪማችን እንደሚለው ብዙ ትውልድ እዚያው ከተዋለደ አንዳንዱ ግልገል መስመር ይዞ ይወለዳል።”

“ረስቶት አልነበረም?”

“ደሙ አልረሳውም ነበር ማለት ነው።”

ያን ቀን ስንወርድ አያ ካሤን እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ቤታቸው ባዶ ነው፤ አንድ መደብ፣ ክዳኑ ላይ አቧራ የጠጣ ትልቅ መሶብ። ብቻቸውን የሚበሉት በሰፌድ ነው።

ግልገሉ ጥቅምት በገባ በሳምንቱ ሞተ። ሆዱን አሞት ሁለት ቀን ተኛ፤ በሦስተኛው ጧት የአያ ካሤን ሳል ሳልሰማ ቀረሁና ወጣሁ። ጎተራው ጀርባ ጉድጓድ እየማሱ ነበር። ለአሳማ ጉድጓድ! ለጅብ የሚጣለውን! ግልገሉን አንስተው አስገቡት። ቅጠሉም ገመዱም እጃቸው ላይ አልነበረም። መስመሮቹን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ወደ ታች ዳሰሱና አፈር መለሱበት። ምላሴ የታወቀ ነው፤ ያን ጧት ግን ምንም አልቀለድኩም።

እሑድ ሲሆን ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ።

“ዛሬ ምን ሊሉት ነው?” አልኳቸው።

“ደህና ነው እለዋለሁ።”

“ሞቷል እኮ፣ አያ ካሤ።”

“መሞቱን አጥቼው ነው? አሳማው ከሌለ በምን ሰበብ ነው የምደውልለት?”

“ልጄ፣ ናፍቀኸኛል ይበሉታ።”

ገበያ መሐል ራቁትዎን ይቁሙ ያልኳቸው ይመስል አዩኝ። “አንቺ ደግሞ” አሉና ወደ ድንጋዩ ቀደሙኝ።

በዚህ ዓይነት የሞተ አሳማ አሳደግን። ኅዳር ላይ ማሽላ መብላት ጀመረ። ታኅሣሥ ላይ በረቱን ሰብሮ ወጣና እኔ አባርሬ መለስኩት፤ ይህቺን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ አያ ካሤ በአድናቆት አዩኝ። ጥር ላይ ፍየሌን ነከሰ። ደረሰ ከማዶ ይስቃል፣ ይመክራል፣ በረቱን እንዴት እንደሚያጠብቁ ያስረዳል። አያ ካሤም ሐሰት እንዳይሆንባቸው ነው መሰለኝ፣ በሳምንቱ ውስጥ ጎተራቸው ጀርባ እውነተኛ በረት ሠርተው አጠበቁ። ባዶ በረት፣ በጥሩ እንጨት የታጠረ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ፀሐይዋ እስክትዞርባቸው ድረስ አይነሱም።

የካቲት መጣ፣ ጾሙም ገባ። አንድ እሑድ ደረሰ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦

“አባዬ፣ መስመሩ እንዴት ሆነ?”

አያ ካሤ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ፍየል አሳዳጊ ነኝ። ነቁጣ ይዞ የተወለደ ፍየል ነቁጣውን ይዞ ይታረዳል። ስለዚህ በእጄ “እንዳለ ነው” ብዬ ምልክት ሰጠኋቸው።

“እንዳለ ነው” አሉ። “እንዲያውም ደምቋል።”

“ጆሮውስ?” አለ ደረሰ።

አያ ካሤ ሊያስደስቱት ፈለጉ። አሁን ሳስበው ገባኝ፤ ልጁ የሚወዳቸውን ዓይነት አሳማ ሊሰጡት ፈለጉ። “ወድቋል። ዓይኑን ሁሉ ሸፍኖታል” አሉ።

“ጅራቱስ፣ አባዬ?”

“ተጠቅልሏል። እንደ ቀለበት።”

ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቆረጠም። “እሺ፣ አባዬ” አለ ደረሰ ቀስ ብሎ፣ ዘጋውም።

“ምነው ቶሎ ዘጋ?” አሉኝ።

“ሥራ ይሆናላ።” ከዚያ ግን፣ “ጅራቱን ምን ሊያደርጉ ጠቀለሉት?” አልኳቸው።

“ሰው ቤት ያደገ የሰው ቤት መልክ ይይዛል ብዬ ነዋ።”

በሚቀጥለው እሑድ ደወልን፤ አላነሳም። ደግመን ደወልን፤ አላነሳም። በሳምንቱም እንዲሁ። አያ ካሤ፣ “አንቺ ውረጂ፣ እኔ ትንሽ ልቀመጥ” አሉኝ። ስልኩን ይዤ ከሄድኩ እዚያ የሚጠብቁት ምንም የለም፤ ያለ ስልክ ድንጋዩ ድንጋይ ነው። ቢሆንም ተቀመጡ። ቤቴ በር ላይ ሆኜ ጋቢያቸውን አየዋለሁ፤ አንዲት ነጭ ነቁጥ ገደሉ አፋፍ ላይ። እስኪመሽ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ረቡዕ ቀን ፍየሌን ፍለጋ ድንጋዩ አጠገብ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ደረሰ ነው።

“እትዬ፣ አሳማው መቼ ነው የሞተው?”

“የምን አሳማ?”

“እትዬ።”

“ጥቅምት” አልኩ።

“አምስት ወር” አለ። በራሱ እንደሚቆጥር ሰው ነበር የተናገረው። “የዱር አሳማ ጅራቱ አይጠቀለልም፣ እትዬ። መቶ ዓመት ቤት ውስጥ ቢያስሩት አይጠቀለልም። ከእናት ከአባቱ የያዘውን ነው የሚይዘው። መስመሩ ደግሞ በዚህ ዕድሜው መጥፋት ነበረበት፤ የልጅነት ነው፣ ሲያድግ ይሄዳል።”

“ነቁጣ ያለው ፍየል እኮ...”

“ፍየል ሌላ ነው።”

“ተቆጣህ?”

“አልተቆጣሁም። ሁለት እሑድ ስልኩ ሲጮኽ እያየሁት ነበር። ምን ብዬ ላንሳ? እኔም እኮ ከአሳማው ሌላ የምጠይቃቸው አጣሁ።”

አባቱ ካሉት ጋር ቃል በቃል ሊገጥም ምንም አልቀረው። ይህንንስ ከማን ወሰደው ብዬ በደብተሩ ቢጽፈው ጥሩ ነበር።

“ና በቃ” አልኩት። “ለፋሲካ ና።”

“ደጄን አትርገጥ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ካላሉኝ አልመጣም። ማወቄን ግን እንዳይነግሯቸው። ይማሉልኝ።”

ማልኩ። ከረቡዕ እስከ እሑድ አፌን ይዤ መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል። ሐሙስ ለፍየሌ ነገርኳት።

እሑድ ደወልን። አነሳ። የአያ ካሤ ትከሻ ከጆሯቸው ዝቅ ሲል አየሁ፤ ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሰቅሎ ነበር።

“አሳማው እንዴት ነው፣ አባዬ?”

“ደህና ነው። ወፍሯል።”

“ለፋሲካ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ሰጥተውኛል” አለ ደረሰ። “አሳማውን መጥቼ ልየው?”

ይህን ሊያደርግ መሆኑን አልነገረኝም ነበር። አያ ካሤ ና ቢሉት የሚያሳዩት አሳማ የለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰደቡትን ሥራ አምስት ወር በውሸት ሲያወሩት እንደኖሩ ሊገለጥ ነው። አትምጣ ቢሉት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ሦስተኛ የሚኖር አይመስልም። ዓይናቸው እኔ ላይ መጣ፤ ያው እንደ ልማዳችን በእጄ ምልክት እንድሰጣቸው ነው። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ገደሉ አየሁ።

“አባዬ? አሉ?”

“አለሁ።”

ነፋሱ ጋቢያቸውን አነሳው። ሳይሰበስቡት ቆዩ።

“አሳማ የለም” አሉ። “ጥቅምት ላይ ሞቷል። ቀብሬዋለሁ። ጅራቱም ተጠቅልሎ አያውቅም።” ከዚያ፣ እኔ እንኳ አጠገባቸው ሆኜ ለመስማት እስኪቸግረኝ ድረስ ዝቅ አድርገው፣ “አንተ ግን ና” አሉ።

የደረሰ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ፣ “በዚህ እጄ?” አለ።

“ታዲያ ሌላ እጅ ከየት ታመጣለህ?” አሉ አያ ካሤ፣ ተቆጥተው። ስልኩንም ወረወሩልኝ፤ ወደ ገደሉ ሊሄድብኝ ነበር።

ለቅዳም ሥዑር መጣ። እስከ ሰቆጣ በአውቶቡስ፣ እስከ ጽጽቃ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሩ። ወፍሯል፤ ሰላም ሲለኝ ፉጨቷ ጆሮዬ ላይ አለፈች። አባቱን ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ነበር፣ እንደታሰረ ሰው። አያ ካሤም አላዩም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ከሰላምታው በኋላ ባዶውን በረት ለማየት ጎተራው ጀርባ ሄዱ። ደረሰ እንጨቱን እየነቀነቀ ሞከረው። “ጥሩ ነው የታጠረው” አለ። “በዚህች በኩል ግን ይወጣብዎት ነበር።” አያ ካሤ አንገታቸውን ነቀነቁ።

የፋሲካ ለት ጠሩኝ። አቧራው የተራገፈለት ትልቁ መሶብ ቀርቧል። ደረሰ እጁን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ። ውሃ የማስታጥበው እኔ ነበርኩ፤ ማሰሮው እስኪያልቅ ነው የታጠበው። ከዚያ መጥቶ ከመሶቡ ራቅ ብሎ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። “ለእኔ በሰሃን ይስጡኝ” አለኝ ዝቅ ብሎ።

“ምን አለ?” አሉ አያ ካሤ፣ በማይሰማው ጆሯቸው በኩል ነበር።

“በሰሃን ይስጡኝ አለ” አልኳቸው።

አያ ካሤ መሶቡን በሁለት እጃቸው ጎትተው ጉልበቱ ሥር አደረሱት። “ሥጋው ጠንክሮብኛል” አሉ። “ጥርስ የለኝም። አድቅቀህ አጉርሰኝ።”

ደረሰ እጁን አየ። አባቱ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፣ ድዳቸው ሁሉ ይታያል። እንጀራውን ቆረሰ፣ ሥጋውን በጣቶቹ አደቀቀ፣ አጠቀሰ፣ አጎረሳቸው። አያ ካሤ ረጅም ጊዜ አላመጡ። “ደግመኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል” አሉ። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወጣሁ። የመጠጥ ውሃ እንኳ ቤት ውስጥ ነበረ።

የአሳማውን ነገር ለንስሐ አባታችን እስካሁን አልነገርንም። እኔ እንደሆንኩ አልናገርም፤ ሰንበቴውም ላሙን እያለበ ይኑር።

ማክሰኞ ሄደ። አያ ካሤ እስከ ቁልቁለቱ ሸኙትና ተመለሱ። ያን ሰሞን ሳላቸው ከወትሮው ዘግይቶ ነበር የሚሰማኝ፤ በየጧቱ ወጥቼ አያለሁ፤ በረቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። “አፍርሰው ለማገዶ ያድርጉት እንጂ” አልኳቸው። “ይቆይ” አሉ።

እሑድ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ወደ ድንጋዩ ስንወጣ፣ “ዛሬስ ምን ሊሉት ነው? አሳማም የለን” አልኳቸው።

“እኔ የምለውን ብያለሁ” አሉ። “ዛሬ እሱ ያውራ።”

ደወልኩ። ደረሰ አነሳና ስለ መንገዱ፣ ስለ መኪናው፣ ሰቆጣ ስላደረበት ቤት ማውራት ጀመረ። አያ ካሤ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ስልኩ ዘንበል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጁ “ሰቆጣ” ባለ ቁጥር ከንፈራቸው የጥርሶቹን ባዶ ቦታ ይዞ አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር።